የተቀየረው አድራሻ

ሚስቴን ከቢቸና እስከ ሞጣ ተከትዬ ሄጃለሁ። ሳታውቅ፣ በሚቀጥለው ሚኒባስ፣ ኮፍያዬን ወደ ግንባሬ ዝቅ አድርጌ። ይህን ከሷ በቀር ለማንም አውርቼ አላውቅም ነበር። አሁን የምጽፈውም ራሷ ትርሲት፣ «ጻፈው፤ ግን ራስህን እንዳታሳምር» ስላለችኝ ነው።

ያኔ ቢቸና ውስጥ የሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ። ትውልዴ ደብረ ኤልያስ ነው፤ ከገበሬ ቤት ወጥቼ፣ ተምሬ፣ ተመድቤ የመጣሁ። ትርሲት የወልቂጤ ልጅ ናት። ነርስ ሆና ቢቸና ስትመደብ አገሩን በስም እንኳ አታውቀውም ነበር። ተዋወቅን፣ ተጋባን፣ ሁለት ሴት ልጆች ወለድን። ማርታ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ኤልዳና አራት ልትደፍን ጥቂት ወራት ቀርቷታል። ማርታ ወሬኛ ናት። ኤልዳና ገና አፏን አልፈታችም፤ እኔም ለሚጠይቀኝ ሁሉ፣ «ታናሽ ወንድሜም በአምስት ዓመቱ ነው የተናገረው» እያልኩ እመልስ ነበር።

በዚያ ዓመት ዲቪ ደረሰን። «ደረሰን» የምለው ከልማድ ነው። ዕጣው የወጣው በትርሲት ስም ነው፤ እኔ ባሏ፣ ልጆቹም ልጆቿ ተብለን ከስሟ ሥር ተጻፍን። መጀመሪያ ላይ ልዩነቱ አልታየኝም። ደስታው ሁላችንንም አንድ ላይ ጠቅልሎ ይዞን ነበር።

ፎርሙ ላይ ሌላ ሰው በችኮላ የሚያልፈው አንድ ጥያቄ አለ። አሜሪካ ስትገቡ የት ነው የምትኖሩት? ማን ይቀበላችኋል? እኛ ግን ሳምንታት ፈጀንበት። የአክስቴ ልጅ ጌትነት ላስ ቬጋስ ይኖራል፤ ሆቴል ውስጥ ነው የሚሠራው። «በሳምንታችሁ ሥራ አስገባችኋለሁ፤ ሐበሻ ሞልቷል፤ ብርድ የሚባል ነገር የለም» አለን። ለእኔ ነገሩ አለቀ። ማርታ በረዶ ያለበት አገር ካልሆነ ብላ አኮረፈች። ትርሲት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት፤ «ትምህርት ቤቱስ?»

«ትምህርት ቤት የሌለበት አሜሪካ አለ እንዴ?» አልኳት።

መልስ አልሰጠችኝም። እኔም በላስ ቬጋሱ አድራሻ እንደተስማማን ቆጠርኩት። ፎርሙን ገበያው አጠገብ ኢንተርኔት ቤት ያላት ሴትዮ ሞላችልን፣ ተላከ። ቃለ መጠይቅ እስኪጠሩን መጠበቅ ጀመርን።

ጥርጣሬ አንድ ቀን ተነሥቶ አይመጣም። እኔን የያዘኝ በትንሽ በትንሹ ነው። ትርሲት ስልክ ሲደወልላት ግቢ እየወጣች ማውራት አመጣች። ከዚያ ለሁለት ቀን ሥልጠና ባሕር ዳር ሄደች። መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ አንድ ቀን በሚዘጋበት በዚያ ሰሞን፣ ኤልዳናን ይዛ። «ሕፃን ይዞ ሥልጠና አለ?» ስላት፣ «አልጋ ስለሰጡን ነው፤ እዚህ ማን ይይዝልኛል» አለችኝ። ከሳምንት በኋላ አብራት የምትሠራ ነርስ መንገድ ላይ አግኝቼ፣ «ሥልጠናው እንዴት ነበር?» ብዬ ጠየቅኳት።

«የምን ሥልጠና?» አለችኝ።

ፈገግ ብዬ አለፍኩ።

በዚያው ሰሞን ኤልዳና አዲስ ቀሚስ ለበሰች። ሰማያዊ፣ ደረቱ ላይ በእጅ የተጠለፈ ትንንሽ አበባ ያለበት። ቢቸና እንዲህ የሚሰፋ አላውቅም። «ከየት ነው?» አልኩ። «ሰው ሰጣት» አለች ትርሲት፤ ያን ብቻ። ቀሚሱ የመጣበት ፌስታል ኩሽና በር ላይ ተሰቅሎ አገኘሁት። «እንድሪስ ጨርቃ ጨርቅ፣ ሞጣ» ይላል።

ሦስቱን ነገሮች አንድ ላይ ደመርኩ። ውሸት የሆነ ሥልጠና፣ የማይሰማ ስልክ፣ ከማናውቀው ሰው የመጣ ቀሚስ። ኢንተርኔት ቤት ሄጄ ሴትዮዋን፣ «የኛን ፎርም አንዴ ልየው፤ የልደት ቀን ተሳስተን እንዳይሆን» አልኳት። ከፈተችልኝ። ስሜ አለ። የልጆቹ ስም አለ። አድራሻው ግን ላስ ቬጋስ አልነበረም። ሮቸስተር፣ ኒው ዮርክ ይላል። የሚቀበለን ሰው ሰይድ ይባላል።

«ይሄ መቼ ተቀየረ?»

«ባለቤትህ ናት ያስቀየረችው፤ ሁለት ሳምንት ይሆናል» አለች ሴትዮዋ። «አላወቅህም እንዴ?»

«ኧረ አውቃለሁ። ረስቼው ነው።» ከዚያ ራሴን መያዝ አቅቶኝ፣ «ሌላ ነገርም መቀየር ይቻላል? ስም ምናምን?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ባለ ዕጣዋ ከፈለገች ለኤምባሲው አመልክታ ታስተካክላለች። ያለሷ ግን ማንም አይነካውም» አለችኝ።

ያን ጊዜ ነው «ባለ ዕጣዋ» የሚለው ቃል የከበደኝ። ስለ ዲቪ የሚወራውን ሁሉም ሰው ሰምቷል። ባሏን ፈትታ፣ ሌላ ሰው በባል ስም ይዛ የሄደች አለች። ሚስቱን እዚህ ጥሎ የማያውቃትን ያገባ አለ። እስከዚያ ቀን ድረስ እነዚህን ታሪኮች በመምህራን ማረፊያ ክፍል እየሳቅን ነበር የምናወራቸው።

ለጌትነት ደወልኩለት። ካዳመጠኝ በኋላ፣ «ሴት አድራሻ የምትቀይረው ያለ ምክንያት አይደለም። እንዳትናገር። ዝም ብለህ አጣራ» አለኝ። እኔም ዝም አልኩ። ዐሥር ቀን ያህል ከሚስቴ ጋር አንድ ማዕድ እየበላሁ፣ እጇን፣ ዓይኗን፣ ቦርሳዋን እያጣራሁ ኖርኩ። አንድ ጊዜ ከልጅቷ ጋር ቁጭ ብላ አየኋት። ኤልዳና ጉንጯን በመዳፏ ወደ ታች ታሻለች፤ ትርሲትም መልሳ ታሻለች፤ ሁለቱም ይስቃሉ። ስገባ ሁለቱም ተዉት። ልጄን ከኔ ደብቃ ምስጢር እያስተማረቻት ነው ብዬ አሰብኩ። እውነቱን ለመናገር በዚህስ አልተሳሳትኩም።

አንድ አርብ ከሰዓት፣ «ነገ ሞጣ ለቅሶ ልደርስ ነው። አብራኝ የተማረች ልጅ እናቷ ሞተውባት» አለችኝ።

«ኤልዳናን ትተሻት ትሄጃለሽ?»

«ይዣት እሄዳለሁ።»

«ለቅሶ ቤት?»

«ይዣት እሄዳለሁ አልኩህ እኮ» አለች፤ ድምፅዋ ደከመ። ሌላ ቀን ቢሆን ምን ሆንሽ እላት ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ማርታን ጎረቤት አስቀምጬ መናኸሪያ ሄድኩ። የትርሲት ሚኒባስ ከወጣ ግማሽ ሰዓት ሆኖታል። በሚቀጥለው ተሳፈርኩ። ከጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ ደብረ ወርቅ እስክንደርስ ስለ ማዳበሪያ አወሩኝ፤ አንድም ቃል አልገባኝም። ግንደወይን ላይ ሹፌሩ ሻይ ልጠጣ ብሎ ሲወርድ ልጮህበት ምንም አልቀረኝ። በመንገዱ ሁሉ የምናገረውን ሳዘጋጅ ነበር። ሰውየውን ሳገኘው ምን እንደምለው፣ እሷን ምን እንደምላት። አልማታም፤ ያን ለራሴ ማልኩ። ልጄን ታቅፌ እወጣለሁ፣ እሷ ከፈለገችው ሰው ጋር አሜሪካ ትግባ አልኩ። ከዚያ ደግሞ ማርታ የማን ትሆናለች ብዬ ማሰብ ጀመርኩ።

ሞጣ ስንደርስ እኩለ ቀን ሊሆን ነው። ለባጃጅ ነጂው «እንድሪስ ጨርቃ ጨርቅ» አልኩት፤ ሌላ ማብራሪያ ሳይጠይቀኝ ወሰደኝ። ሰፊ ሱቅ ነው፤ ጣቃው እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። በጎኑ ወደ ግቢ የሚያስገባ የቆርቆሮ በር አለ። ፊት ለፊቱ ካለች ሻይ ቤት ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ።

ብዙም ሳልቆይ ትርሲት መጣች። ቀድማኝ ተሳፍራ ከኔ በኋላ መድረሷ ገረመኝ፤ በኋላ እንደሰማሁት ለኤልዳና ምግብ ልታበላ መናኸሪያው ጋ ቆይታ ነው። ጥቁር አልለበሰችም። ነጠላዋንም አላዘቀዘቀችም። ልጅቷን እጇን ይዛ፣ ቤቱን እንደሚያውቅ ሰው በሩን ሳታንኳኳ ገፍታ ገባች።

ሻይ የምትቀዳውን ሴት ጠራኋት። «ያ ቤት የማን ነው?»

«የሐጂ እንድሪስ ነዋ።»

«አሁን የገባችውን ሴትዮ ታውቂያታለሽ?»

አየችኝ። «ስሟን አላውቅም። ትመጣለች። ይሄ ሦስተኛዋ ይሆናል። ሁሌም ያቺን ሕፃን ይዛ ነው።»

«ለምን ጉዳይ ነው የምትመጣው?»

«እኔ ምን አውቄ ወንድሜ። የሐጂ ወንድም አሜሪካ ነው፤ ያው ሰው አይጠፋም እዚያ ቤት።» ብርጭቆዬን አየች። «ሻዩ በረደ እኮ። ልቀይርልህ?»

የሐጂ ወንድም አሜሪካ። ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ። ሦስት ጊዜ የመጣችው ለስምምነት ነው። ሰይድ የሚባለው ሰው ባል ሆኖ ይገባል፣ ወይም ዘመዱን ያስገባል፤ እኔ እወጣለሁ። ልጅቷን የምታመጣት እንዲለምዷት ነው። ቀሚሱም ለዚያ ነው። ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ማረጋገጫው ሙሉ መሰለኝ። አንድም ቀዳዳ አላየሁበትም።

ተነሥቼ መንገዱን ተሻገርኩ። ሱቁ ውስጥ ነጭ ጺም ያላቸው፣ ቀጭን፣ መነጽር ያደረጉ ሰው መቀስ ይዘው ጨርቅ ይቆርጣሉ።

«ሐጂ እንድሪስ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ። ምን ልታዘዝ?»

«ሚስቴን ፈልጌ ነው» አልኩ። በመንገድ ካዘጋጀሁት ንግግር የወጣው ይኸው ብቻ ነው።

መቀሱን አስቀመጡ። መነጽራቸውን አውልቀው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ሲያዩኝ ፊታቸው ላይ ፍርሃት ፈለግኩ፤ አጣሁ።

«የኤልዳና አባት ነህ?» አሉኝ።

የልጄን ስም ከማላውቀው ሰው አፍ ስሰማ ደሜ ፈላ። «ልጄን ከየት ያውቋታል? ሰይድ ማን ነው? ሚስቴ እዚህ ምን ትሠራለች?»

«ሰይድ ወንድሜ ነው። ሚስትህ የምትሠራውን ግን እኔ ባልነግርህ ይሻላል፤ ገብተህ እየው። በሩ ያው» አሉ። ከዚያ ዝግ ብለው፣ «ጫማህን አታውልቅ፤ እንደ ቸኮልክ ግባ» አሉኝ።

በሱቁ ጓሮ በኩል ገባሁ። ትንሽ ግቢ፣ ከዚያ በሩ የተከፈተ ሰፊ ክፍል። መጀመሪያ ያየሁት የስፌት መኪና ነው። ከመኪናው አጠገብ ምንጣፍ ላይ ዕድሜዋ ሃያ የሚሆን፣ ሻሽ ያሰረች ልጅ ተቀምጣለች። ኤልዳና ፊት ለፊቷ፣ ጀርባዋን ለኔ ሰጥታ ቁጭ ብላለች። ትርሲት ከግድግዳው ተጠግታለች፤ ከጎኗ አንዲት ትልቅ ሴት፣ የሐጂ ባለቤት እንደሆኑ በኋላ ያወቅኳቸው፣ አሉ። ወንድ የለም። የተዘረጋ ወረቀት የለም። ክፍሉ ውስጥ የሚያወራም የለም።

ትርሲት አየችኝና ቆመች። ቀለሟ ጠፋ።

«ኤልዳና» ብዬ ጠራሁ።

ልጄ አልዞረችም።

«ኤልዳና! ነይ እንሂድ።»

በስፌት ልጅቷ እጅ ላይ ዓይኗን ተክላለች። እጄን አጨበጨብኩ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከጀርባዋ ሁለት እርምጃ ያህል ርቄ። የሐጂ ባለቤት ደንገጥ አሉ። ትርሲት ዓይኗን ጨፈነች። ኤልዳና ግን ጣቶቿን እየቆጠረች ነበር።

ቤት ሳለን ስትዞር አይቻታለሁ። በር ሲዘጋ ትዞራለች። ስገባ ትዞራለች። ለትርሲት ስንት ጊዜ «ይኸው፣ ሰማች» ብያታለሁ። በር ሲዘጋ የሚነካትን ንፋስ፣ ስገባ ግድግዳው ላይ የሚወድቀውን ጥላ አልቆጠርኩም።

የስፌት ልጅቷ ዓይኗን አንሥታ አየችኝ። የኤልዳናን ትከሻ ነካ አድርጋ ወደኔ ጠቆመቻት። ልጄ ዞረች። ፊቷ በራ። ከዚያ ቀኝ እጇን ወደ ፊቷ ወስዳ፣ ከጉንጯ ጀምራ ወደ ታች ሁለት ጊዜ ሳብ አደረገችው፤ ቤት ከእናቷ ጋር ስታደርገው እንዳየኋት።

«ምን እያለች ነው?» አልኩ።

«አባቴ እያለችህ ነው» አለች ትርሲት።

ጺም የለኝም። የስፌት ልጅቷ፣ ፋጡማ፣ የሐጂ ልጅ ናት፤ አባቷ ጺማም ናቸው፤ እሷም ከተወለደች ጀምሮ ሰምታ አታውቅም። ለሷ አባት ማለት ጺም ነው። ለልጄም እንዲሁ አስተማረቻት። ልጄ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የጠራችኝ ሞጣ፣ ሰው ቤት፣ እናቷን ልወነጅል በመጣሁበት ሰዓት ነው።

እዚያው በሩ ላይ ተቀመጥኩ። የሐጂ ባለቤት ውኃ ሰጡኝ። ኤልዳና መጥታ ጭኔ ላይ ተቀምጣ ጺም ፍለጋ አገጬን ትዳስሳለች።

ትርሲት ከፊቴ ተቀመጠች። ቦርሳዋን ከፍታ የታጠፈ ወረቀት ሰጠችኝ። የባሕር ዳር ሐኪም ውጤት ነው። በሁለቱም ጆሮ፣ ከባድ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬሃለሁ» አለች። አልጮኸችም። «ዓመት ሲሆናት ነገርኩህ፤ ወንድሜም ዘግይቶ ነው አልክ። ሁለት ሲሆናት ነገርኩህ፤ ሳህኑን ገፍተህ ወጣህ። ባለፈው ፋሲካ ነገርኩህ፤ ልጄን አታሳምሚብኝ አልከኝ። አራተኛ ጊዜ በባዶ እጄ አልነግርህም ብዬ ወረቀት ላመጣ ባሕር ዳር ሄድኩ። ወረቀቱን ይዤ ስመለስ ደግሞ አፌ አልታዘዝ አለኝ።»

የቀረውን የሐጂ ባለቤት ጨመሩልኝ። ከባሕር ዳር ስትመለስ ሚኒባስ ውስጥ አጠገባቸው ተቀምጣ ነበር። አዴት ላይ ጀምራ ሞጣ እስክትደርስ አለቀሰች። «ምነው ልጄ፣ ሰው ሞተብሽ?» አሏት። ነገረቻቸው። «የኔም እንዲሁ ናት» ብለው ቤታቸው ወሰዷት። በሁለተኛው ጊዜ፣ እኔ ሥራ ላይ ናት ባልኩበት ቀን፣ ፋጡማ ቀሚሱን ሰፋችላት፤ ሐጂም የወንድማቸውን አድራሻ ሰጧት።

እናንተ ይህን ስታነቡ እዚህ ላይ የሚያበቃ ይመስላችኋል። ጥርጣሬ ግን እንዲህ በቀላሉ አይወጣም። ልጄን ታቅፌ፣ ዓይኔ እንባ አቅርሮ፣ ሐጂ ሲገቡ የመጀመሪያው ጥያቄዬ ምን ነበር መሰላችሁ?

«እርስዎ ከዚህ ምን ይጠቀማሉ?» አልኳቸው። «ወንድምዎ የማያውቀውን ሰው፣ አራት ነፍስ፣ ለምን ይቀበላል?»

ትርሲት በሐፍረት አንገቷን ደፋች። ሐጂ ግን አልተቆጡም። ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ።

«ጥሩ ጥያቄ ነው» አሉ። «እኔም ብሆን እጠይቃለሁ። ስማ መምህር። እኔም ወንድሜም የማትሰማ ሴት ልጅ ነው የወለድን። እሱ ልጁን አዲስ አበባ ትምህርት ቤት አስገብቶ በምልክት ቋንቋ አስተማረ፤ ኋላም ይዟት አሜሪካ ገባ። 'ፋጡማንም ስጠኝ፣ ከኔ ጋር ትደግ' አለኝ። ሴት ልጅ ከዓይኔ አትርቅም አልኩ። ሱቁም ነበረ፣ እኔም ነበርኩ፣ ምን ይጎድላታል አልኩ።» ስልካቸውን አውጥተው ለፋጡማ ሰጧት። «አሳዪው» የሚል ምልክት አደረጉ።

ፋጡማ ቪዲዮ ከፈተችልኝ። እንደሷ ያለች ወጣት፣ የሰይድ ልጅ፣ ክፍል ውስጥ ቆማ በእጇ ታወራለች። ፊቷ ከእጇ ጋር ይሮጣል። የተቀመጡት ተማሪዎች ይስቃሉ፣ በእጃቸው ይመልሱላታል። በሌላው ቪዲዮ አንድ ሱቅ ውስጥ ገንዘብ ተቀባዩ ራሱ በእጁ ያናግራታል። ከተማው፣ ሮቸስተር፣ መስማት የተሳናቸው ሰዎች የበዙበት ስለሆነ፣ ሰሚውም ቢሆን ጥቂት ጥቂት ያውቃል አሉኝ።

«ይቺ ፈጣን ናት» አሉ ሐጂ ፋጡማን እያዩ። «ሞጣ ላይ እንደሷ የሚሰፋ የለም። ግን ከኔና ከእናቷ በቀር ከማን ጋር ታወራለች? እኛ የሠራንላት ምልክት መቶ አይሞላም። የአጎቷ ልጅ ስትልክላት አንዱን ቪዲዮ ሃያ ጊዜ ታየዋለች፤ ግማሹን አታውቀውም። እኔ የምጠቀመው ይሄን ነው መምህር። ያንተዋን ልጅ አሻግሬ ካየሁ፣ ለኔ ይበቃኛል።»

ፋጡማ ስለሷ እንደምናወራ አውቃለች። ዓይኗን ከአባቷ ከንፈር ወደኔ፣ ከኔ ወደ እናቷ ታመላልስ ነበር። ማንም አልተረጎመላትም። እኔም ያን ቀን አልታወሰኝም።

ስንመለስ ትርሲት ልጅቷን ይዛ ከፊት ተቀመጠች፤ ከጎኗ ባዶ ቦታ ነበረ፤ ኮቷን አስቀመጠችበት። እኔ ከኋላ ሆንኩ። ቢቸና ስንወርድ፣ «እንዴት እዚያ መጣህ?» አለችኝ።

ልዋሽ ነበር። ሰው ነገረኝ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «ተከትዬሽ ነው» አልኩ።

«ምን መስሎህ?»

ነገርኳት። ፎርሙን ማስከፈቴን፣ የጌትነትን ምክር፣ ሰይድን፣ ሁሉንም። እየሄድን አዳመጠችኝ። «ባለፉት ዐሥር ቀናት አንዴ ብትጠይቀኝ ኖሮ ያን ቀን እነግርህ ነበር» አለች። «ልነግርህ ምክንያት ስፈልግ ነበር።» ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንት ሥራ ሥራውን ካልሆነ አላወራችኝም። እኔም ይገባኛል ብዬ ተቀበልኩት። አንድ ነገር ግን አደረግኩ። በማግስቱ ለጌትነት ደውዬ ላስ ቬጋስ እንደማንመጣ ነገርኩት። ለምን ቢለኝ፣ «ልጄ መስማት የተሳናት ናት» አልኩ። ቃሉን በራሴ አፍ ስለው ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ቪዛውን አገኘን። ሰይድ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ልጁን ይዞ መጥቶ ተቀበለን፤ ለሁለት ወር ቤቱ አኖረን። አሁን ሮቸስተር ከገባን ሦስት ዓመት ሊሞላን ነው። እኔ ዳቦ ፋብሪካ እሠራለሁ፤ በሳምንት ሁለት ቀን የምልክት ቋንቋ እማራለሁ። ጥሩ ተማሪ አይደለሁም። ጣቶቼ ለጠመኔ የለመዱ ናቸው፤ ኤልዳና እየሳቀች ታርመኛለች። ብርዱ ከባድ ነው። ትርሲት ፈተናዋን አልፋ ወደ ሙያዋ ተመልሳለች። በመካከላችን የነበረውስ? ዳነ ማለት እችላለሁ። አልፎ አልፎ ግን ዓይኔ ቦርሳዋ ላይ ሲያርፍ ታየኛለች፤ ያን ጊዜ ራሷ ትከፍተውና፣ «ይኸው፣ እይ» ትለኛለች። እየሳቀች ነው የምትለው። እኔን ግን ያመኛል።

ይህን የምጽፍላችሁ አሜሪካ ሂዱ ለማለት አይደለም። የት እንኑር ብላችሁ ስታስቡ፣ ሥራውን፣ ብርዱን፣ ዘመዱን ትቆጥራላችሁ፤ እኔም እሱን ነበር የቆጠርኩት። ቤታችሁ ውስጥ አንዱ ደጋግሞ የሚጠይቃችሁ ጥያቄ ካለ ግን፣ መልስ ከመስጠታችሁ በፊት ለምን እንደሚጠይቅ ጠይቁት። ስጠራጠር ዐሥር ቀን ሙሉ ሚስቴን ማየት አላቋረጥኩም፤ ልጄን ግን አንድ ቀን እንኳ አላየኋትም።

ባለፈው እሑድ ኤልዳና አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። አሁን ሰባት ዓመቷ ነው፤ እጇ ከኔ ዓይን ይፈጥናል፤ ስለዚህ ዝግ ብላ ነው የምታናግረኝ። ስለ ቢቸና ጥቂት እንደምታስታውስ ነገረችኝ። ቤት ውስጥ ብዙ ሰው ይመጣ እንደነበር፣ አፋቸው ይንቀሳቀስ እንደነበር፣ አንዳንዴ ወደሷ ያዩ እንደነበር።

«ምን ይሉ ነበር?» አለችኝ በእጇ። «ስለኔ ነበር የሚያወሩት?»

ትርሲት ከኩሽና ቆማ ታየናለች። አልረዳችኝም። ለልጄ ቀላል የሆነውን መልስ ልሰጣት እችል ነበር፤ የገበያ ወሬ ነው ብላት ታምነኝ ነበር።

«አዎ» አልኳት በሁለት እጄ፣ ቀስ ብዬ፣ እንዳልሳሳት። «ብዙ ጊዜ ስላንቺ ነበር። ቁጭ በይ፤ የተባለውን ሁሉ እነግርሻለሁ።»